ያልለፉበት ዳቦ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ዳቦ ስትበሉ የምትበሉት ስንዴውን ነው ወይስ የጋጋሪዋን ድካም? «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ ስንዴውን ነዋ!» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ቆይ፣ ትንሽ እናስብበት። ብዙዎቻችን ሳይታወቀን ድካሙንም አብረን እንበላለን። «የእናቴ ዳቦ» ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ዳቦው ብቻ አይደለም። እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ ገብቶ፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሎ፣ ገበቴው ላይ ጎንበስ ብላ ስታሽ ነው የምትታየን። ላቡ ባይኖር ትዝታው ግማሽ በሆነ ነበር። እንዲያውም ማንም ያልለፋበት ዳቦ ቢቀርብልን አንድ ነገር የጎደለው ይመስለናል።

ነገሩን ያስነሳብኝ ከወደ አሜሪካ የመጣ የዳቦ አሠራር ነው። ጂም ሌሂ የሚባል የኒውዮርክ ዳቦ ጋጋሪ አለ። የሰሊቫን ስትሪት ዳቦ ቤት ባለቤት ነው። ይህ ሰው የሚሠራበትን ዘዴ ማርክ ቢትማን የተባለ የምግብ ጸሐፊ ጥቅምት 29 ቀን 1999 ዓ.ም. በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ጻፈው። ዘዴው ይኸውላችሁ፦ 3 ኩባያ ዱቄት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ ትንሽ ጨውና አንድ ተኩል ኩባያ ያህል ውኃ ይቀላቀላል። ማሸት የለም። ተሸፍኖ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይቀመጣል። ከዚያ አስቀድሞ በምድጃ ውስጥ በጋለ ድስት ተከድኖ ግማሽ ሰዓት ይበስላል፤ ክዳኑ ተነሥቶ ደግሞ ትንሽ ይቆያል። አለቀ። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ዘዴው በዓለም ዙሪያ ስንቱ ቤት እንደገባ ለመቁጠር ያስቸግራል። የስንት ሰው ክንድ እንዳረፈም እንደዚሁ።

ምሥጢሩ አስማት አይደለም። ስንዴ ውስጥ ውኃ ሲያገኙ የሚያያዙ ፕሮቲኖች አሉ። ተያይዘው ግሉተን የሚባለውን፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠውን ነገር ይሠራሉ። እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ ይዞ ዳቦውን ኩፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ማሸት ይህን መያያዝ ያፋጥነዋል። ሊጡ ግን ረጠብ ብሎ ከተለወሰና በቂ ሰዓት ከተሰጠው፣ ፕሮቲኖቹ ራሳቸው ተፈላልገው ይገናኛሉ፤ እርሾው የሚነፋው አየርም ቀስ እያለ ይለጥጣቸዋል። ክንድ በግማሽ ሰዓት የሚሠራውን ጊዜ በአንድ ሌሊት ይሠራዋል ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለሊጥም ይሠራል።

የኛ አማርኛ ይህንን ከድሮ ጀምሮ የሚያውቅ ይመስለኛል። «ሊጡ ቦካ» እንላለን። ቦካ ያለው ራሱ ሊጡ ነው። እናታችን ደግሞ «አቦካች»፤ እንዲቦካ አደረገች፣ ምክንያት ሆነችው ማለት ነው። ዋናው ሥራ የሊጡ እንደሆነ ግሱ ራሱ ይመሰክራል። የተከደነው ድስትም ቢሆን ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር ድፎ ዳቦ ሲደፋ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ምጣዱ ላይ ኮባ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይገለበጥበታል፣ በኮባ ይሸፈናል፣ ከላይ ይከደንበታል፣ ከታችም ከላይም እሳት ይደረጋል። ኮባውና ክዳኑ እንፋሎቱን ይይዙታል፤ የላይኛው ቅርፊት ቶሎ ደርቆ ሳይጠብቅ ዳቦው ይነፋል። የኒውዮርኩ ሰው በብረት ድስት የደረሰበትን፣ የጎጃም ሴት በኮባ ስትሠራው ኖራለች።

አንድ ልዩነት ግን ልብ በሉልኝ። ዳቦን ለማቅለል ሰዎች ሁለት መንገድ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 እንግሊዝ አገር ቾርሊውድ በሚባል ቦታ የሚገኙ ተመራማሪዎች ሊጥን በኃይለኛ ማሽን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አብኩቶ፣ ዱቄቱን በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ዳቦ የሚያደርግ ዘዴ አወጡ። እዚያ የተቆጠበው ጊዜ ነው፤ ጉልበት ግን (የማሽንም ቢሆን) በብዛት ይፈሳል። የሌሂ ዘዴ ተቃራኒው ነው። ጉልበት ይቆጥባል፣ ጊዜ ግን ያፈሳል። የመጀመሪያው ለነጋዴ ይስማማል፤ ጊዜ ገንዘብ ነውና። ሁለተኛው ለቤት ይስማማል፤ ሌሊቱ እንደሆነ ሊጥ ኖረም አልኖረም ማለፉ አይቀርም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ቡሬ ገጠር ለምትኖር አክስቴ ባስረዳት ምን ያለችኝ ይመስላችኋል?

«ሳይታሽ? እንዴት አድርጎ የኔ ልጅ! ሳይታሽ የተጋገረ ለእንግዳ ይቀርባል?»

«ይነፋል እኮ እቴቴ። ከታሸው አይተናነስም።»

«መንፋቱንማ ይንፋ። እንግዳው ግን ምን ይለኛል? ‹ሳትደክምልኝ ቀረች› አይለኝም?»

ይህንን መልስ እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሮ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን አከብረዋለሁ፤ ውስጡ እውነት አለበት። ለእቴቴ ዳቦ መልእክት ነው። «አንተ ስለመጣህ ጉልበቴን ሰጠሁህ» የምትለው በዳቦው ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው የሚሰጠው ጉልበቱን ነው። ጉልበቷን ከዳቦው ውስጥ አውጡት ብትሏት ስጦታዋን የቀማችኋት ያህል ይሰማታል። ነሐሴ 13 ለቡሄ ጨፋሪዎች የሚታደለው ሙልሙል እኮ ከዳቦነት በላይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ልጁ ሙልሙሉን ይዞ ሲሮጥ የአንዲት እናት ከሰዓት በኋላ እጁ ላይ አለ።

ስለዚህ «ልፋት ዋጋ የለውም» ብዬ አልከራከርም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የማን ልፋት? ፈቅዳ የምትለፋው ሰው ልፋትና ሌላው ቁጭ ብሎ የሚያወድሰው ልፋት አንድ ናቸው ወይ?

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የማውቀው አንድ ቤተሰብ ነበር። ቤቱ ውስጥ ስምንት ሰው ይበላል። ከወምበርማ ገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ቢሆን ነው፣ ሠራተኛ ነበረቻቸው። የማታ ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ትማራለች። ዳቦ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ይጋገራል። ልጅቷ አሥር ሰዓት ላይ ታቦካለች፣ ታሻለች፣ ኩፍ እስኪል ትጠብቃለች፣ ትጋግራለች። ትምህርት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይጀምራል። የዳቦ ቀን ሁልጊዜ ታረፍዳለች፤ አንዳንዴም ጭራሽ ትቀራለች። በ2011 ዓ.ም. የፈተና ሰሞን ይህን ያየሁ ጊዜ፣ ስለማይታሸው ዳቦ ለቤቱ እመቤት ነገርኳቸው። «ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አምስት ደቂቃ ትለውሰውና ታሳድረው። ጠዋት ትጋግረዋለች» አልኩ። እመቤቲቱ ክፉ ሰው አይደሉም። ዘዴውም ገባቸው። ገብቷቸውም እንዲህ አሉኝ፦

«ጥሩ ነበር። እንግዲያ እሷ ምን ልትሠራ ነው?»

ይህቺ ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ዳቦው ይበላሽ ይሆን ብለው አልጠየቁም። ያሳሰባቸው የልጅቷ እጅ ባዶ መሆኑ ነው። እስቲ ራሳችንን እንመርምር፤ ሌላው ሰው ሲያርፍ ማየት ለምን ይከብደናል? የራሳችን ዕረፍት «ሰውነቴን ላሳርፍ» ይባላል። የሠራተኛዋ ዕረፍት ደግሞ «ዝም ብላ ቁጭ አለች» ይባላል። አንድ ነገር ሆኖ ሳለ ሁለት ስም አለው።

ለማንኛውም ዘዴው ተሞከረ፣ ዳቦውም አማረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ስመለስ እመቤቲቱ ራሳቸው ቆርሰው አቀረቡልኝ፤ በሙያውም ተደነቁበት። ልጅቷ ግን ያን ቀንም አርፍዳለች። የዳቦው ሰዓት ተርፎ በርበሬ መቀንጠስ ተተክቶበት ነበር። የቡሬን በርበሬ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀንጥሰው አይጨርሱትም። «ጊዜ ስላላት ነው» አሉኝ። በዓመቱ ባሕር ዳር ሌላ ቤት ገባች ሲሉ ሰማሁ። ትምህርቷ ሰባተኛ ክፍል ላይ እንደቆመ ነው።

ድካም ቀነሰ ማለት ዕረፍት መጣ ማለት አይደለም፤ ይህን ያየነው እኛ ብቻም አይደለንም። ሩት ሽዋርዝ ካዋን የተባሉ አሜሪካዊት የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ምድጃው፣ ማጠቢያ ማሽኑና ሌላው የቤት ዕቃ የእናቶችን ሥራ እንዳላቃለለ አሳይተዋል። ቀድሞ ባልና ልጆች ይሠሩት የነበረው ሥራ በማሽን ሲተካ፣ የተረፈው በሙሉ ወደ እናትየዋ ዞረ። ልብስ በቀላሉ መታጠብ ሲጀምር ደግሞ ሰዉ ቶሎ ቶሎ ልብስ መቀየር ጀመረ። ያው ድካም ስሙን ቀየረ።

በኛም አገር ተመሳሳይ ነገር አይተናል። ወፍጮ ቤት ከመምጣቱ በፊት ሴት ልጅ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ በድንጋይ ወፍጮ ትፈጭ ነበር። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ መጁ አረፈ። እሰየው! ማንም ጤነኛ ሰው ወደ ድንጋዩ እንመለስ አይልም። ነገር ግን እህሉን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት የሚሄደውና ወረፋ የሚጠብቀው ማን ሆነ? ያችው ሴት። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበረ አንጢጳጥሮስ የሚባል የግሪክ ባለቅኔ የውኃ ወፍጮ መምጣቱን አይቶ ለፈጪ ሴቶች ግጥም ጽፎላቸው ነበር። ሐሳቡ፣ ከእንግዲህ ውኃው ስለሚፈጭላችሁ ዶሮ ቢጮህም ተኝታችሁ አርፍዱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ወፍጮውን ሲያይ መጀመሪያ የታሰበው ነገር ነው። የሚተርፈውን ዱቄት አልቆጠረም፤ እንቅልፋቸው ታየው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። «ያልለፉበት ነገር በረከት የለውም» የሚሉ አሉ። እሺ፣ እንፈትነው። ከመጠጣችን ሁሉ ክቡሩ ጠጅ ነው አይደል? በድሮ ጊዜ የመኳንንት ነበር። ጠጅን ማን ያሸዋል? ማር፣ ውኃና ጌሾ ተደርጎ ይከደናል፤ ከዚያ ትልቁ ሥራ መጠበቅ ነው። የእንጀራ ሊጥስ? ሁለት ሦስት ቀን ቡሃቃ ውስጥ ተቀምጦ ራሱን ያቦካል። «ሊጡ ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ይህቺ ሴት ሰነፍ ናት» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲያውም ሳይቦካ የተጋገረውን «አፍለኛ» ብለን ፊታችንን እናጨማድዳለን። ስለዚህ ባህላችን ራሱ ከጥንት ጀምሮ መጠበቅን ያከብራል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ስንል ኖረን፣ ዳቦ ላይ ስንደርስ ብቻ «ካልታሸ» ማለታችን ምን የሚሉት ነው?

ዘይትን ደግሞ ተመልከቱ። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የፌቤላ ዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ «ሰው በእጁ ያልጨመቀው ዘይት ወጥ አያጣፍጥም» ብሎ ያለቀሰ ሰው አልሰማሁም። ወንዱ ያርስበት በነበረው ቦታ ትራክተር ሲገባ «ልማት» ይባላል። የሴቷ ክንድ ሲያርፍ ግን «ባህል ጠፋ» ይባላል። ባህል የሚባለው ነገር ሁልጊዜ በአንድ ወገን ክንድ ላይ ብቻ የሚቆመው ለምንድን ነው?

«መጋገር የሴት ነው፤ ተፈጥሮዋ ነው» የሚሉም አይጠፉም። እነዚህን ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ልመራቸው እወዳለሁ። የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጀው በቤተ ልሔም ነው፤ የሚያዘጋጁትም ወንዶች አገልጋዮች ናቸው። ዱቄቱን የሚያቦካው፣ የሚጋግረው ዲያቆኑ ወይም ቄሱ ነው። ክብር ባለበት ቦታ የወንድ እጅ ሊጥ ይነካል፣ አይረክስም፣ አያፍርም። ቤት ሲደርስ ግን ያው እጅ ሊጥ መንካት ነውር ይሆንበታል። እንግዲህ የሚለያየው ሊጡ ነው ወይስ ምስጋናው?

ከሁሉም ከባዱ ተቃውሞ ግን የስንፍና ነው። «ሁሉን ነገር ካቀለልነው ልጆቻችን ምን ጉልበት፣ ምን ትዕግሥት ይማራሉ?» ይባላል። ይህ የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። ላቡን ጠብ አድርጎ የሚበላ ሰው የሌላውን ላብ ያውቃል፤ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ የሚቀርብለት ሰው ደግሞ ዳቦ ከሱቅ የሚበቅል ይመስለዋል። ነገር ግን ልፋትና ጥንቃቄ ሁለት ነገር መሆናቸውን አንርሳ። የማይታሸው ዳቦ ልፋቱ ትንሽ ነው፤ ጥንቃቄው ግን አለ። ማታ ስለ ነገ ቁርስ ማሰብ አለባችሁ። ውኃውን መመጠን አለባችሁ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ላይ ናቸው። ቆላ ወረድ ካላችሁ ሙቀቱ ሊጡን ያፈጥነዋልና 18 ሰዓት ብታቆዩት ይኮመጥጥባችኋል። ሊጡን እያዩ፣ እያሸተቱ መወሰን ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ትዕግሥት ነው። ላብ ግን የለውም። ልጆቻችንን ትዕግሥት ማስተማር ከፈለግን ይህም ትምህርት ቤት ነው። ጉልበት ማስተማር ከፈለግን ደግሞ ውኃ ይቅዱ፣ እንጨት ይፍለጡ፤ ግን ወንዱም ሴቷም እኩል።

እኔ የደረስኩበት እንዲህ ነው። አንድን ልፋት «ክቡር ነው» ከማለታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ የምትለፋዋ ሰው ሌላ ምርጫ ብታገኝ ትተወው ነበር ወይ? እቴቴ አትተወውም። ማሸት ደስ ይላታል፤ እጇ ሥር ሊጡ ሲለሰልስ ፊቷም አብሮ ይለሰልሳል፤ ለእንግዳዋም የምትናገረው ቋንቋ ነው። እሷን «አርፈሽ ተቀመጪ» ማለት ድፍረት ነው። የፍኖተ ሰላሟ ልጅ ግን ምርጫ ቢሰጣት ደብተሯን ይዛ ትሮጥ ነበር። ሁለተኛ፣ ልፋቱን የሚያወድሰው ማን ነው? አመስጋኙ ሁልጊዜ በላተኛው ብቻ ከሆነ፣ ምስጋናው ክፍያ መሆኑ ቀርቶ ማባበያ ሆኗል ማለት ነው።

የተረፈውን ጊዜ በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ጊዜ ከእጅ ሲተርፍ ባለቤት ያስፈልገዋል። ባለቤቱ ካልተነገረ የቤቱ ጉልበተኛ ይወስደዋል። ስለዚህ «ይህ ዘዴ ሁለት ሰዓት ያተርፍልናል» የሚል ሰው ወዲያው «ሁለቱ ሰዓት የእሷ ነው» ብሎ ካልጨመረ፣ የሰጠው ለሌላ ሰው ነው። ስጦታው የሚጸናው ሲነገርና ሲጠበቅ ነው። በየቤታችን ለዳቦ የሚሆን ምጣድ፣ ክዳንና ኮባ አለ። የሌለው ይህቺ «የእሷ ነው» የምትል ቃል ናት።

መሞከር ለሚፈልግ ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ውኃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ከወደዳችሁ ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርጉበት። የወፍጮ ቤት ዱቄት ውኃ ይጠጣልና ከደረቀባችሁ ትንሽ ጨምሩ። ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ በማማሰያ ለውሱት፣ ክደኑት፣ ተዉት። ጠዋት ዱቄት ነስንሳችሁ እንደ ነጠላ ሁለት ሦስቴ እጠፉት፤ ለአንድ ሁለት ሰዓት እንደገና ክደኑት። ኮባ በተነጠፈበት ድስት ወይም ምጣድ ላይ አድርጋችሁ ክደኑና ከታችም ከላይም እሳት ስጡት። የምትለውሱት እናንተ፣ የቤቱ አባወራዎች፣ ብትሆኑ ደግሞ ክርክሩ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር። አምስት ደቂቃ ነው፤ ሙያም አይጠይቅም፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም።

ሊጡ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ሌሎቻችሁ እንደምትተኙት ሁሉ ሠራተኛዋም ትተኛ። ከመተኛቷ በፊት ደግሞ ትምህርት ቤት ደርሳ ትምጣ።